ፑሽካር፦ የሐይቁ ተሳላሚዎችና የግመል አርቢዎቹ ገበያ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ህንድ ይወስደናል፤ በሰሜን ምዕራብ ወዳለችው የራጃስታን ግዛት፣ በታር በረሃ ጠርዝ ላይ ወደተቀመጠች ፑሽካር ወደምትባል ትንሽ ከተማ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ካርቲክ በሚባለው የሂንዱ ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በከተማዋ ሐይቅ ሊታጠብ ከየአገሩ ይተማል። ከተሳላሚዎቹ ጥቂት ቀናት ቀድመው ደግሞ ግመል፣ ፈረስና ከብት የሚነዱ አርቢዎች ደርሰው ከከተማዋ ዳር ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ይሰፍራሉ። ሐይቁና ሜዳው አንድ ላይ ሆነው የፑሽካርን ገበያ ይሠራሉ።

በዓሉ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ማገባደጃና በኅዳር መካከል ይውላል። በዓሉ በ2016 ዓመተ ምሕረት ኅዳር 17፣ በ2017 ኅዳር 6፣ በ2018 ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን ነበር። በጨረቃ ስለሚቆጠር ከዓመት ዓመት ይንሸራተታል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ግን የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ገበያው ለምን በዚህ ወር ሆነ? ሃይማኖቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ እመለስበታለሁ። አርቢውና ገበሬው ግን ሌላም ምክንያት አላቸው። የራጃስታን ክረምት እንደኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በረሃው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ዝናብ ይለመልማል፤ መንጋውም ጠግቦ ይከርማል። በካርቲክ ወር የእንስሳቱ ፀጉር ያብረቀርቃል፣ የግመሉ ሻኛ ይሞላል። በዝናብ የበቀለው እህል ታጭዶ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የሚገኘውም ያኔ ነው፤ ከፊቱም የሚታረስ መሬትና የሚጓጓዝ ምርት ይጠብቀዋል። ሻጩ የሚሸጠው እንስሳ ከዓመቱ ሁሉ ባማረበት ሰሞን ገዢውም አቅም አለው። መንገዱ ደርቋል፣ ፀሐዩ በርዷል፣ ሌሊቱም በጨረቃ ብርሃን ነው። ጽሑፍ የማያውቅ፣ ከመንደር ርቆ ከመንጋው ጋር የሚውል ሰው ቀጠሮውን ከሰማይ ያነባል። ሙሉ ጨረቃ ለሁሉም እኩል የምትታይ ደወል ናት።

አሁን ወደ ሐይቁ እንውረድ። በሂንዱ እምነት ብራህማ ፍጥረትን የፈጠረ አምላክ ነው። ትረካው እንደሚለው ብራህማ ከእጁ የሎተስ አበባ ጣለ፤ አበባው ያረፈበት ምድር ውኃ አፈለቀ፤ ያ ውኃ የፑሽካር ሐይቅ ሆነ። ብራህማም በዚያ ታላቅ የእሳት መሥዋዕት ሊያቀርብ ተነሳ። እንዲህ ያለው ሥርዓት ያለ ሚስት አይፈጸምም፤ ሚስቱ ሳቪትሪ ግን ዘገየች። የተመረጠው ሰዓት ሊያልፍ ሆነ። ሌሎቹ አማልክት ተሯሩጠው ጋያትሪ የምትባል ወጣት አመጡለት። ጋያትሪ ጉርጀር ከሚባለው የከብት አርቢ ሕዝብ የተወለደች ልጅ ነበረች። በአንዳንዱ ትረካ በላም ሆድ አልፋ እንድትነጻ ከተደረገች በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች፣ መሥዋዕቱም ተፈጸመ። ሳቪትሪ ስትደርስ ቦታዋ ተይዟል። ተቆጥታ ረገመችው፤ ከዚህ ከፑሽካር በቀር የትም አትመለክ አለችው። በእርግጥም በህንድ አገር ለሌሎቹ አማልክት ለሺቫና ለቪሽኑ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች ቁጥር የላቸውም፤ ለብራህማ የቆሙት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም ስመ ጥሩ የፑሽካሩ ነው። ቀይ ጉልላት ያለው ይህ ቤተ መቅደስ አሁን ያለው ሕንፃ ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚመለስ ይነገራል። የሁለቱ ሴቶች ቤተ መቅደሶችም በከተማዋ ግራና ቀኝ፣ በሁለት የተለያዩ ኮረብታዎች ላይ ቆመዋል።

በዚህ ትረካ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በሂንዱ የማኅበራዊ እርከን ውስጥ ከብት ነጂ ሕዝብ ከላይኛው ረድፍ ላይ አልተቀመጠም። ሆኖም የከተማዋ ቅድስና በሚተረክበት ታሪክ መሥዋዕቱን የምታድነው የአርቢ ልጅ ናት። ፑሽካር ገና ከትረካዋ ጀምሮ አርቢዎችን ከበር ውጭ አላቆመችም።

ግማሽ ክብ የሚመስለውን ሐይቅ ሕንፃዎች ከበውታል። ዙሪያውን ጋት የሚባሉ ወደ ውኃው የሚወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ በቁጥር 52 ናቸው። ከጨረቃዋ 11ኛ ቀን ጀምሮ እስከ ሙሉ ጨረቃ ያሉት አምስት ቀናት ከሁሉ የከበሩ ናቸው። አማልክት ሁሉ በእነዚያ ቀናት ሐይቁ ላይ ይሰበሰባሉ ተብሎ ይታመናል። ተሳላሚዎች ጎህ ሳይቀድ በብርዱ ይወርዳሉ፤ ሴቶች ከነልብሳቸው፣ ወንዶች ሽርጥ ታጥቀው፣ ሽማግሌዎች በልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው ይጠመቃሉ። ማታ በቅጠል ላይ የተለኮሰች ትንሽ መብራት ከአበባ ጋር ውኃው ላይ ትለቀቃለች። እኛ አገር ጥምቀትን ባሕር ዳርቻ ወይም ጃን ሜዳ ያከበረ ሰው፣ ሥርዓቱና እምነቱ ፍጹም ሌላ ቢሆንም፣ የሕዝቡን ግፊያና የንጋቱን ብርድ አይስተውም።

በጋቶቹ ላይ የሚቀመጡ ካህናት ረጃጅም የመዝገብ ጥራዞች አሏቸው። ከየትኛውም መንደር የመጣ ተሳላሚ ስሙንና ያገሩን ስም ሲናገር፣ ካህኑ ጥራዙን ገልጦ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ያነብለታል። በዚያ ውኃ የታጠቡ ትውልዶች እዚያው ተመዝግበዋልና። በከተማዋ ሥጋ፣ እንቁላልና አልኮል አይሸጥም። ናግ ፓሃር የሚባለውን ተራራ ተሻግረው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲጓዙ ደግሞ አጅሜር ትገኛለች፤ በዚያም የታላቁ ሙስሊም የሱፊ አባት የሞይኑዲን ቺሽቲ መቃብር አለ፤ ሌላ የዚያራ ሕዝብ ወደዚያ ይጎርፋል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ተራራ ተለይተው ይኖራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሐይቁ ወጥተን ወደ አሸዋው እንሂድ፤ የዛሬው ነገሬ ዋናው እዚያ ነው።

ከአርቢዎቹ መካከል ራይካ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ሬባሪ ብሎ የሚጠራቸውም አለ። ወንዶቹ በትልልቅ ቀይ ጥምጥማቸው፣ ሴቶቹ ክንዳቸውን በሚሸፍነው ነጭ አምባራቸው ከሩቅ ይለያሉ። ራይካዎች የራጃስታንና የጉጃራት የግመል አርቢዎች ናቸው፤ በግና ፍየልም ያረባሉ። የመጀመሪያውን ግመልና የመጀመሪያውን ራይካ የሚያገናኝ ትረካ አላቸው። የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ አንድ ቀን ከጭቃ እንግዳ እንስሳ ሠራች፤ እግሩ አምስት ነበር። ባሏን ነፍስ ዝራበት ብላ ለመነችው፣ ዘራበት። እንስሳው ግን በአምስት እግር መራመድ አቃተው። ሺቫ አምስተኛውን እግር ወደ ላይ አጥፎ ጀርባው ላይ ጫነው፤ ያ ሻኛው ሆነ። እንስሳው መንከራተት ሲጀምርና ጠባቂ ሲያስፈልገው፣ ሺቫ ከገዛ ቆዳው ፍቆ ሰው ሠራ። ያ ሰው የራይካዎች አባት ነው። እንግዲህ በራይካዎች እምነት ግመል ለሰው አልተፈጠረም፤ ሰው ነው ለግመል የተፈጠረው።

ይህ እምነት በኑሯቸው ላይ ከባድ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ራይካ ግመሉን አያርድም፣ ሥጋውን አይበላም። ወተቱን ይጠጣል፣ ለእንግዳ ይሰጣል፤ መሸጥ ግን ለዘመናት ነውር ሆኖ ኖሯል፤ ወተት መሸጥ ልጅን እንደመሸጥ ይቆጠር ነበር። ከሁሉ የጠነከረው ክልከላ ደግሞ ሴት ግመልን ከማኅበረሰቡ ውጭ ላለ ሰው አለመሸጥ ነው። ሴቶቹ በስጦታ፣ በጥሎሽና በውርስ ከራይካ ወደ ራይካ ይተላለፋሉ። አርቢው የግመሎቹን ዘር በእናት በኩል ቆጥሮ ያውቃል፤ ይህች የእገሊት ልጅ፣ ያች የእገሊት የልጅ ልጅ ይላል፤ የየእናቲቱን የወተት ብዛት፣ ጠባይና የመታመም ዝንባሌ በቃሉ ይዟል። በጋቱ ላይ ያለው ካህን የሰውን የትውልድ ሐረግ በጥራዝ ሲይዝ፣ በአሸዋው ላይ ያለው ራይካ የግመልን የትውልድ ሐረግ በአእምሮው ይይዛል።

እንዲህ ሆኖ ታዲያ ምን ይሸጣል? የሚሸጠው ወንዱን ነው። ሴት ግመል ከ12 ወር በላይ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። ወንዱ ግልገል አድጎ ለሸክም ሲደርስ ፑሽካር ይወሰዳል። ገዢው ገበሬ ነው ወይም ጋሪ ነጂ። በራጃስታን ከተሞች አሮጌ የአውሮፕላን ጎማ የተገጠመላቸው ጠፍጣፋ ጋሪዎችን ግመል ሲጎትት ማየት የተለመደ ነበር። ድንጋይ፣ እህል፣ ማገዶ፣ ውኃ፣ ሁሉም በግመል ይጓጓዝ ነበር። አርቢው የዓመት ጥሬ ገንዘቡን የሚያገኘው በአብዛኛው በዚህ ገበያ ከሚሸጣቸው ጥቂት ወንዶች ነው። የልጅ ሠርግ፣ የዕዳ ክፍያ፣ የጨውና የልብስ መግዣ ሁሉ በእነዚያ ቀናት ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ጨረቃዋ ስትሞላ ሐይቁ ወርዶ ይታጠባል፤ ገበያና ስለት በአንድ ጉዞ ይፈጸማሉ። ብዙው ግብይት የሚያልቀው ግን ከሙሉ ጨረቃዋ በፊት ነው፤ ለዚህ ነው በመጨረሻው ቀን ካሜራውን አንግቶ የሚደርስ ጎብኚ ሜዳው ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያገኘው።

ገዢው ግመሉን ሲመርጥ መጀመሪያ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ያስነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያራምደዋል። አነሳሱ ላይ የሚያጉረመርምና የሚናከስ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። የደረቱን ጠጣር መቀመጫ፣ የእግሩን መዳፍ፣ የአንገቱን አያያዝ ይመረምራል። ሻጩ ደግሞ ግመሉን አሳምሮ ያቀርባል፤ ፀጉሩ ላይ በመቀስ አበባና ሐረግ ይቆረጥበታል፣ በአንገቱ ዶቃና ዛጎል፣ በቁርጭምጭሚቱ ቃጭል ይታሰርለታል። በሰሜን ህንድ የከብት ገበያዎች የኖረ ልማድ ደግሞ አለ፦ ሻጭና ገዢ እጃቸውን ከጨርቅ ሥር ከትተው በጣት ይነጋገራሉ። ዋጋው በሁለቱ መዳፎች መካከል ይቀራል፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው አይሰማውም። ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ባቢሌ የግመል ገበያ የወረደ አድማጭ ይህን አሠራር በደንብ ያውቀዋል፤ የእኛም ሶማሌ አርብቶ አደሮችና ደላሎች ከጨርቅ ሥር በጣት ይዋዋላሉ።

ካነሣሁት ላይቀር፣ የራጃስታን ግመል ወደኛ ቀጣና የመጣበት ጊዜም አለ። የራጃስታኗ የቢካኔር ንጉሥ ጋንጋ ሲንግ በስሙ የተሰየመ ግመል ጋላቢ ጦር ነበረው፤ እንግሊዞች በሶማሌ ምድር ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰንን ሲወጉ፣ ከ1902 እስከ 1904 ይህ ጦር ተሰልፎ ነበር። በዚያው ጦርነት የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊትም በኦጋዴን በኩል ዘምቷል። ያን ጊዜ የራጃስታን ነገሥታትን የግመል መንጋ የሚጠብቁትና የሚያራቡት ራይካዎች ነበሩ። ህንድ ነፃ ወጥታ መሳፍንቱ ሲሻሩ ይህ የቤተ መንግሥት ሥራ ቀረ፤ መንጋው በአርቢዎቹ እጅ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ተስፋቸው ገበያው ሆነ።

ማታ ማታ እሳት ይነዳል፤ ማገዶው የደረቀ ፋንድያ ነው። ቦፓ የሚባሉ አዝማሪ ካህናት አራት አምስት ሜትር የሚረዝም፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞላ ጨርቅ ይዘረጋሉ። ሥዕሉ የፓቡጂን ገድል ያሳያል። ፓቡጂ ራይካዎች ግመልን ወደ ራጃስታን አመጣልን ብለው የሚያከብሩት ጀግና ነው። ቦፓው ራቫንሃታ የሚባለውን ባለ ደጋን የክር መሣሪያ እየተጫወተ ይዘፍናል፤ ሚስቱ ኩራዝ ይዛ የሚዘፈነውን ክፍል በብርሃን እየተከተለች ታሳያለች። ገድሉ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ግመል ሲታመምም ቦፓ ተጠርቶ ይህ ጨርቅ ይዘረጋል። ለራይካ ፓቡጂ ተረት አይደለም፤ የሚጠራ፣ የሚሰማ፣ መንጋን የሚጠብቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን የነገርኋችሁን ያየ ሰው ገበያው ለዘላለም የሚኖር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በህንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ግመል ነበር። የ2012 የእንስሳት ቆጠራ 400 ሺሕ ገደማ አገኘ። የ2019 ቆጠራ 250 ሺሕ ገደማ ብቻ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከሦስት ግመል አንዱ በላይ ጠፋ ማለት ነው። የፑሽካር ሜዳም ይህንኑ ያሳያል፤ በአንድ ወቅት በአሥር ሺሕዎች ይቆጠሩ የነበሩት ግመሎች ዛሬ ጥቂት ሺሕ ናቸው፤ በቅርብ ዓመታት ፈረሱ ከግመሉ በልጧል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ትራክተርና የጭነት መኪና የወንዱን ግመል ሥራ ወሰዱ። ከፑንጃብ ወንዞች ውኃ የሚያመጣው፣ ሥራው በ1958 የተጀመረው የኢንዲራ ጋንዲ ቦይ የበረሃውን ግጦሽ ወደ ስንዴና ጥጥ ማሳ ለወጠው። ለገበሬው ታላቅ በረከት ሆነ፤ ለግመሉ ግን መንገዱን ዘጋበት። በውኃ መሳቢያ ሞተር የሚታገዘው ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ማሳውን ዓመቱን ሙሉ እንዲታረስ አደረገ፤ ቀድሞ ከአጨዳ በኋላ ጦሙን የሚያድረው መሬት ለመንጋ ክፍት ነበር። ገበሬዎች የራይካን በግ ማሳቸው ላይ እንዲያድርላቸው እህል ወይም ገንዘብ ከፍለው ይለምኑ ነበር፤ በጠጡ ማዳበሪያ ነውና። ያ ውል አሁንም በየቦታው አለ፤ ግን እየጠበበ ነው። በክረምት ግመሎቹ ይሰማሩበት የነበረው የኩምባልጋር ደን የዱር እንስሳት መጠበቂያ ሆኖ ለመንጋ ተዘጋ። በየመንደሩ ለአምላክ የተለዩ፣ ዛፋቸው የማይቆረጥ፣ መንጋ ግን የሚሰማራባቸው ኦራን የሚባሉ ጥብቅ ቦታዎች ነበሩ፤ እነሱም ተቆራርሰው እያለቁ ነው። ግጦሹ ሲጠብ የተራበው ግመል በበሽታ ይጠቃል፤ እኛ ገንዲ ከምንለው ጋር የሚዛመድ፣ በተናካሽ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ብዙ ግመል ያስጨነግፋል፣ ይገድላል።

ወንዱ ግመል ዋጋ ሲያጣ የራይካዎች ሕግ ራሱ ተናጋ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በፑሽካር ሜዳ ሴት ግመሎች ለሽያጭ መቅረብ ጀመሩ፤ ከገዢዎቹ መካከልም ለእርድ የሚፈልጉ ነበሩ። ይህ ለሽማግሌዎቹ ምን ያህል መራራ እንደነበር አስቡት። ሴቷን የሸጠ አርቢ ዘሩን ሸጠ፤ ቀጣዩ ትውልድ የለውም።

መንግሥት ዝም አላለም። ራጃስታን በ2014 ግመልን የግዛቲቱ መለያ እንስሳ ብላ አወጀች። በ2015 ደግሞ ግመልን ማረድ የሚከለክልና ከግዛቲቱ ውጭ መውሰድን በጥብቅ የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ውጤቱ ግን የተፈለገው አልሆነም። ከጎረቤት ግዛቶች ይመጡ የነበሩ ገዢዎች ግመል ይዘው መውጣት ፈሩ፣ ቀሩ። የወንድ ግመል ዋጋ እንደ ድንጋይ ወደቀ፤ ቀድሞ ሠርግ ይደግስ የነበረው እንስሳ የመኖውን ዋጋ እንኳ የማይመልስ ሆነ። ገበያ ያጣው አርቢም መንጋውን ለልጁ ሊያወርስ አልደፈረም። የ2019ኙ ቆጠራ ያሳየውን ማሽቆልቆል ብዙዎች ከዚህ ሕግ ጋርም ያያይዙታል።

እኔ ይህን ነገር ሳጠና ደጋግሞ የታሰበኝ ይህ ነው። ራይካዎች ለዘመናት ግመልን ያቆዩት በሁለት ነገር ነው፤ ሴቷን ባለመሸጥና ወንዱን በመሸጥ። ሁለቱ ተጣምረው ነበር። የፑሽካር ገበያ ባይኖር ኖሮ ሴቷን ያለመሸጥ ክብር የሚቀለብበት ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? ሕግ አውጪዎቹ እንስሳውን ለማክበር ሲሉ የቆመበትን አንዱን እግር ቆረጡት። እንስሳን ከአርቢው ነጥሎ ማዳን አይቻልም፤ አርቢውን ደግሞ ከግጦሹና ከገበያው ነጥሎ ማዳን አይቻልም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ ራይካዎቹ ራሳቸው በየስብሰባው የሚናገሩት ነው። ግዛቲቱም ቆይታ የተሰማት ይመስላል፤ ግልገል ለተወለደለት አርቢ 10 ሺሕ ሩፒ ድጎማ የምትሰጥበትን ዕቅድ ጀመረች።

ገበያውን ሌሎች ነገሮችም ፈትነውታል። በ2009 ሐይቁን ከደለል ለማጽዳት የተጀመረው ሥራ በወቅቱ አልተጠናቀቀም፣ ዝናቡም አነሰ፤ ሐይቁ ደርቆ ተሳላሚዎች በገንዳ ውኃ ታጠቡ። በ2020 በኮሮና፣ በ2022 ደግሞ ከብቶችን በሚያጠቃው የቆዳ እባጭ በሽታ ምክንያት የእንስሳቱ ገበያ ቀረ። በጎን ደግሞ ቱሪዝሙ ይሰፋል። የጢም ርዝመት ውድድር፣ የጥምጥም አጠማጠም ውድድር፣ የአየር ፊኛ ጉዞ፣ የቅንጡ ድንኳን ሰፈር፤ ግመሎች ያርፉበት የነበረው ሜዳ በእነዚህና በሆቴሎች ተይዟል። ሆቴሉ ለከተማዋ ሥራ ፈጥሯል፤ ይህን አልነቅፍም። ግን ጎብኚው ፎቶ ሊያነሣ የመጣው ግመሉን ነው፤ ግመሉን ያመጣው ሰው ውኃና መኖ በውድ ገዝቶ፣ ከሜዳው ጫፍ ተገፍቶ ሲያድር ማየት ልክ አይደለም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን ራይካዎች ለዘመናት ያልነኩትን ነገር እንዲነኩ የሚጠይቅ ነው፤ ወተቱን። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በራጃስታን የኖረችው ጀርመናዊቷ የእንስሳት ሐኪም ኢልዘ ኮህለር ሮለፍሰን ከአገሩ ተወላጆች ጋር ሆና ሳድሪ በምትባል ከተማ የአርቢዎች ድርጅት መሠረተች፤ መጀመሪያ በበሽታው ላይ ሠሩ፣ ኋላም የግመል ወተት ማቀነባበር ጀመሩ። በ2016 የህንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለግመል ወተት ደረጃ አወጣለት፤ ወተቱ በሕጋዊ መንገድ ሊሸጥ ቻለ። በጉጃራት ደግሞ ታላቁ የወተት ኅብረት ሥራ አሙል በ2019 የግመል ወተትን በጠርሙስ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። ወተት መሸጥ ሲጀመር ሴቷ ግመል በቁሟ ገቢ ታስገባለች፤ መሸጧ ይቀራል፤ ስለዚህ አንዱን ነውር መተው ሌላውን፣ ትልቁን ነውር፣ ያተርፋል ብለው የሚያስቡ ራይካዎች በርክተዋል። የማይስማሙ ሽማግሌዎችም አሉ። ክርክሩ የእነሱ ነው፤ ውሳኔውም የእነሱ ሊሆን ይገባል። የእኛ የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና እናቶች የግመል ወተት ወደ ከተማ ልከው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ በመሆናቸው፣ ጥያቄው ለእኛ አድማጭ ሩቅ አይደለም።

ወተት ግን ያለ ቅጠል አይገኝም። ስለዚህ ራይካዎች የሚጠይቁት ከሁሉ በፊት መሬት ነው፤ የግል መሬት ሳይሆን የማለፍና የመሰማራት መብት። በ2006 የወጣው የህንድ የደን መብቶች ሕግ ለዘላን አርቢዎች ወቅታዊ የግጦሽ መብት ዕውቅና ይሰጣል። በ2009 ራይካዎች ስለ ራሳቸው፣ ስለ እንስሳት ዝርያዎቻቸው፣ ስለ መድኃኒት ዕፅ ዕውቀታቸውና ስለ ጥንት የግጦሽ ቦታዎቻቸው የሚናገር የማኅበረሰብ ሰነድ አዘጋጅተው በስማቸው አወጡ። ደኑ መንጋችን ሲሰማራበት የኖረ ነው፣ ሣሩን በመብላትም ሰደድ እሳትን ያግዳል ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት 2024ን የግመል ዝርያዎች ዓመት ብሎ ሲሰይምም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ቀርበዋል። የወረቀቱ መብት በኩምባልጋርና በሌሎች ደኖች በር ላይ ገና ተግባራዊ አልሆነም፤ ሙግቱም ቀጥሏል።

አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነበር። በአካባቢያችሁ ገበያና ንግሥ አብረው የሚውሉበት፣ መንጋ የሚነዱ ሰዎች ከሩቅ የሚመጡበት ቦታ ካለ፣ ቀኑ በምን እንደሚቆጠርና አርቢዎቹ በየት በኩል እንደሚመጡ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነበዋለን።